ከበር የማይወጣ ሸራ

«አዘንብሉት እንጂ! ወደ ግራ አዘንብሉት!»

የለሳኙ ታላቅ እህት ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታዛለች። ጎረቤቱ ሹፌር በአንድ ጫፍ፣ አንድ የሩቅ ዘመድ በሌላው ጫፍ ትልቁን የስዕል ሸራ ይዘው በሳሎኑ በር ሊያወጡት ይታገላሉ። ወደ ግራ አዘነበሉት፤ ተቀረቀረ። ወደ ቀኝ አዘነበሉት፤ ያው ነው። ሹፌሩ ላቡን በክንዱ ጠረገ።

«እትዬ፣ እኔ ተሳቢ እየጎተትኩ ስንቱን ጠባብ ድልድይ ተሻግሬያለሁ። ይሄ ግን እምቢ ብሏል።»

«ታዲያ እንዴት ሆኖ ገባ? በመስኮት?»

ሁሉም ዞረው ለሳኙን አዩት። ለሳኙ ከግድግዳው ጋር በተደረደሩት የውሰት ወንበሮች መጨረሻ ላይ፣ ትናንት ልጁን ሲቀብር የለበሰውን ኮት ሳያወልቅ፣ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጧል። የተጠየቀው ነገር የገባው ቆይቶ ነው።

«አልገባም» አለ። «እዚሁ ነው የተሠራው።»

እውነቱን ነው። ሸራው የሚወጠርበትን እንጨት የቆረጠውም ያጋጠመውም እሱ ነው። ሸራውን የወጠሩት ግን ከልጁ ጋር ሆነው ነበር፤ እሷ እየጎተተች፣ እሱ እየቸነከረ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቤት ሲለስን የኖረ ሰው የራሱን በር መለካት መርሳቱ ያን ጊዜ ሲገርማቸው ዋለ። «በር ሳይለኩ ሸራ!» እያለች ልጅቱ ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ጎኗን የያዘችው ከሳቁ የተነሳ መስሎት ነበር።

ሸራው ወደ ቦታው ተመለሰ። እህቱ የአልጋ አንሶላ አምጥታ ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው። አይፈረድባትም። ጠዋት ለቅሶ ልትደርስ የመጣች ሴትዮ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ «እግዜር ያጽናህ» የሚለውን ገና ሳትጨርስ ዓይኗ እዚያ ላይ ዐርፎ ክው ብላ ቀርታለች። ሸራው ላይ ከሠላሳ በላይ ሰዎች አሉ። ወታደሮች፣ ንጉሥ፣ ሕፃን ያቀፉ እናቶች። የገሚሶቹ እጅና እግር አልቋል፤ የገሚሶቹ ልብስ ተጀምሯል። ፊት ግን አንዳቸውም የላቸውም። በፊታቸው ቦታ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም ብቻ ነው ያለው።

«ሰው ወደዚህ ቤት ሲመጣ አልቅሶለት ይሂድ እንጂ ደንግጦ አይሂድ» አለች እህቱ፣ የአንሶላውን ጫፍ ከእንጨቱ ኋላ እየሸጎጠች።

ከትናንት ጀምሮ ቃል ከለሳኙ አፍ የሚወጣው በልመና ነው።

ልጁ ጭራሮ ትባል ነበር። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን በስሟ የሚጠራት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ብቻ ነው። ከተወለደች ጀምራ ቀጫጫ ስለነበረች፣ አባቷ «ይቺ ልጅ ምጣድ አታሞቅም፤ ጭራሮ ናት» ብሎ ያወጣላት ስም እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ቀረ። አድጋ፣ ተምራ፣ የስዕል መምህርት ሆና እንኳ የሰፈሩ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛት «ጭራሮ፣ ዛሬም አልወፈርሽ?» ይላታል። እሷም «ስወፍር እጠራችኋለሁ» ትላለች።

እናቷ ስትሞት ለሳኙ ከሥራ ከወጣ ቆይቶ ነበር። ጉልበቱ መሰላል አልወጣም ብሎታል። ሚስቱን ከቀበረ በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ያዘ። አይታመም፣ አያለቅስ፣ አይበላ፤ ዝም ብሎ ግድግዳ። ሹፌሩ ሊያጫውተው ሲመጣ አንድ ሁለት ይቀልድና «ደህና ዋል» ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ከረመና፣ አንድ ቀን ጭራሮ ከተከራየችበት ቤት ወጥታ ልብሷን በአንድ ሻንጣ፣ ቀለሟን በሁለት ሻንጣ አድርጋ መጣች።

«ከነገ ጀምሮ የዘይት ቀለም ትማራለህ» አለችው።

«እኔ?»

«አንተ።»

«እኔ ለሳኝ ነኝ። ቀለም ቀቢው የሚመጣው እኔ ጨርሼ ከወጣሁ በኋላ ነው።»

«አሁን ግን ቀለም ቀቢው ሲመጣ አንተ አልወጣህም» አለችው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩ ለሳቅ ተንቀሳቀሰ።

ብርቱካን ወይም ማሰሮ የምታስለው መስሎት ነበር። እሷ ግን ተጠቅልሎ የመጣ ሰፊ የታተመ ስዕል ግድግዳው ላይ ዘርግታ አራት ጥጉን በፕላስተር ለጠፈችው። የጥንት ከተማ ነው። ከተማዋ ተሸንፋለች። መሐል ላይ ሽማግሌው ንጉሥ ሰይፉን በሁለት እጁ ለወጣቱ አሸናፊ ሲያቀርብ ይታያል። ከኋላ ትላልቅ የድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል፤ በግራ የወታደር መዓት፣ በቀኝ ሴቶችና ልጆች። ከሴቶቹ አንዷ ራሷን ስታ በሌላዋ ክንድ ላይ ወድቃለች።

ለሳኙ ቀረብ ብሎ አየ፤ ራቅ ብሎ አየ።

«ይሄ ሰውዬ ራስ ቁር አድርጓል» አለ በጣቱ እያሳየ። «ጋሻም ይዟል። ሱሪው የት ሄዶ ነው?»

«የዚያ ዘመን ሰዓሊዎች ጀግናን እንደዚህ ነው የሚስሉት፣ አባዬ።»

«ጦር ቢስተው እንኳ ብርድ ይገድለዋል።»

ጭራሮ ሳቀች። እሱ ግን አልለቀቃትም። «ቆይ፣ ከዚህ የቀለለ የለም? እኔ እርሳስ እንኳ በወጉ ይዤ አላውቅም።»

«የምትማረው በዚህ ነው። እዚህ ውስጥ የሌለ የለም። ድንጋይ አለ፣ ጨርቅ አለ፣ ብረት አለ፣ የሰው ገላ አለ። ይሄን ገልብጦ የጨረሰ ሰው ምንም አያቅተውም።»

«እስክጨርሰው እኖራለሁ ብለሽ ነው?»

የፕላስተሩን ጫፍ በአውራ ጣቷ ደጋግማ ተጫነችው።

«ትኖራለህ» አለች። አነጋገሯ ትእዛዝ ይመስል ነበር።

በለቅሶው ቤት ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ሻይ በፔርሙስ ይቀዳል። የሚገባው እጁን ይዘረጋል፣ አንገቱን ይሰብራል፣ «ምን ይባላል እንግዲህ» ይላል፤ ይቀመጣል። ከዚያ ሹክሹክታው ከበሩ በኩል ይጀምራል።

«ምን ሆና ነው ግን?»

«ድንገት ነው አሉ። ክፍል ውስጥ እያስተማረች ወደቀች።»

«ምንም ሳይላት?»

«ምንም። እኔ እንኳ በቀደም ዳቦ ቤት አግኝቻት ነበር። ከሳ ብላለች እንጂ ደህና ነበረች።»

«እሷ እንደሁ ከድሮም ጭራሮ ናት።»

ለሳኙ ይሰማል። ጆሮው ዘንድሮም እንደ ወጣት ጆሮ ነው። ያን ስም ያወጣው እሱ ነው። ሰው ሁሉ ስትከሳ እያያት ስሟን እንጂ ክሳቷን አላየም።

የስዕል ትምህርቱ የተጀመረው ከድንጋዩ ነው። «ከምታውቀው ተነሳ» አለችው። የታተመውን ስዕል በእርሳስ ካሬ ካሬ ከፋፈለችው፤ ሸራውንም በዚያው ልክ። እያንዳንዷን ካሬ እንደ አንድ ትንሽ ግድግዳ ቆጥሮ በከሰል ገለበጠ። ከዚያ ሸራው ሁሉ በቀጭን ቡናማ ቀለም ተነከረ፤ ከዚያ ጥላው፤ ከዚያ ብርሃኑ። ሥሩ ቀጭን፣ ላዩ ወፍራም ይሁን፤ ዘይቱ እየቆየ እንጂ ከመጀመሪያው አይብዛ ትለዋለች። ይሄ ገባው፤ ልስንም ከሥሩ ካልያዘ ከላዩ ይረግፋል። ዓምዶቹ ሲያልቁ ጎረቤት ተጠርቶ አየ። ሹፌሩ ሸራውን አንኳኩቶ፣ «ይሄማ የአንተ ግድግዳ ነው፤ ቁልጭ ያለ!» አለና ሁሉም ሳቀ።

እግር ላይ ሲደርስ ግን ተንገዳገደ። አንድ እግር፤ የአንድ ተራ ወታደር ግራ እግር። ሲሠራው እንጎቻ ይመስላል፣ ሲፍቀው ይባስ ይበላሻል።

«እግር ነው እያልክ ስለምትስል ነው» ትለዋለች ጭራሮ ከኋላው። «እግር መሆኑን እርሳው። የት ጋ ይጨልማል? የት ጋ ይበራል? እሱን ብቻ እይ።»

«አንቺ መጥተሽ አሳይኝ እንጂ ከዚያ ሆነሽ ትጮኺያለሽ።»

«ስዕል ከሩቅ ነው የሚታየው።»

ሁልጊዜ ከሩቅ ነበረች። መጀመሪያ አጠገቡ ትቆም ነበር፤ ቆይቶ ወንበር ሳበች፤ ከዚያ ወንበሩ ወደ ሶፋው ሸሸ። በመጨረሻ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ማስተማር ጀመረች። «ምነው ዛሬ ደግሞ ምሳሽን አልነካሽም?» ሲላት፣ «የቀለሙ ሽታ እህል ይዘጋል» ትለዋለች። መስኮቱን ይከፍትላትና ወደ እግሩ ይመለሳል። የወታደሩ እግር የያዘለት ቀን ደስታው ገንፍሎ «ጭራሮ! ተነሺ፣ ነይ እዪው! ቆመ እኮ!» ብሎ ጮኸ። እሷም፣ «ከዚህ ሆኜ አየሁት፣ አባዬ። ቆሟል» አለችው። ዞር ብሎ አላያትም። ዓይኑን ከእግሩ ላይ መንቀል አልቻለም ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ መጣች። የጭራሮ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ይቺን ሳሎን ከቤቷ አስበልጣ ታውቃታለች። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ከሹራቧ ሥር ነጩ ልብሷ ይታያል። ጉንጩን ሳመችው፣ እጁን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች፣ አለቀሰች። ስታበቃ አንሶላውን አየችው።

«ምነው ሸፈናችሁት?»

«ሰው ፈራው» አለ ለሳኙ።

«አባባ፣ ግን ይጨርሱታል አይደል?» አለች ነርሷ። እጁን ጠበቅ አደረገችው። «እባክዎ ይጨርሱት። እሷ ስንት አስባ ነው የመረጠችው።»

«ምኑን ነው ያሰበችው?»

ነርሷ ያመለጣትን ቃል ልትመልስ የፈለገች ይመስል ከንፈሯን ነከሰች። ለሳኙ ወደ እሷ ዞረ። ከትናንት ጀምሮ ሰውን በዓይኑ ሲያይ ይሄ መጀመሪያው ነው።

«ልጄ፣ ንገሪኝ። ምኑን ነው ያሰበችው?»

«ምንም… እንዲያው ስትመርጥ አብሬያት ስለነበርኩ ነው።»

«ጭራሮ ሞታለች። ከማን ነው የምትደብቂው?»

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። ጭራሮ ወደዚህ ቤት ከመመለሷ በፊት ታውቅ ነበር። ሐኪሞቹ ዘግይቷል፣ በሽታው ከጉበቷ አልፏል ብለዋታል። ቢታገሉት ጥቂት ጊዜ ሊጨምር ይችላል፤ ያንንም ሆስፒታል ተኝታ ነው። እምቢ አለች። ለአባቴ ትንፍሽ ትዪና እለይሻለሁ ብላ ጓደኛዋን አስማለች። ስዕሉን ለመምረጥ መጻሕፍት መደብር አብረው ሄዱ። ነርሷ አንድ የአበባ ስዕል አንስታ ነበር፤ የሚያምር፣ ለጀማሪ የሚሆን።

«ምን አለችሽ?» አለ ለሳኙ።

«"ቀላሉን ቶሎ ይጨርሰዋል" አለች።» ነርሷ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «"እናቴ ስትሞት ግድግዳ ነው ያየው። እኔ ስሞት የሚያየው ነገር ይኑረው፤ በሰው የታጨቀውን ስጪኝ" አለችኝ። እያገላበጠች ስንት ሰው እንዳለበት ትቆጥር ነበር። ፊቶቹን መጨረሻ ላይ ያስቀረችብዎትም ለዚሁ ነው። አንዱ ፊት ብቻውን ስንት ወር እንደሚወስድ ታውቃለች።»

ለሳኙ አንገቱን ደፋ። ነርሷ መጽናናት ሳይመስላት አልቀረም፤ ትከሻውን ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

«ለእርስዎ ብላ ነው፣ አባባ።»

«ማን ጠይቋት?»

«እ?»

«ማን ለምኗት ነው?» ድምፁ አልጮኸም፤ ግን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሹክሹክታ ሁሉ ተቋረጠ። «አባቷ እኔ ነኝ። ውሃ የማቀብላት እኔ ነበርኩ። ስታቃስት ራሷን የምደግፈው፣ እግሯን የማሸው እኔ ነበርኩ። ነጠቀችኝ! እሷ እዚያ ሶፋ ላይ ስትሞት እኔ እዚህ ቆሜ የማላውቀውን ወታደር እግር ሳበጃጅ…»

አሁን እያንዳንዱ ቀን ተገልብጦ መጣበት። «ስዕል ከሩቅ ነው የሚታየው» ማለቷ መቆም ስላቃታት ነው። መስኮቱ ተከፍቶ እህል ያልወረደላት ከቀለሙ ሽታ አይደለም። ጀርባውን እንዲሰጣት አድርጋ አቆመችው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። ፊቷን ማየት በሚችልበት ወራት ፊት የሌላቸው ሰዎች ሲያይ ከረመ።

ሆስፒታል የደረሰውም ጥፍሩ ላይ ቀለም እንዳለ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ተደውሎለት ሲሮጥ ሄደ። ጭራሮ ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ ያየችው እጁን ነው። «ዛሬ ምን ሠራህ?» አለችው። «አንቺ ተኝተሽ ምን እሠራለሁ!» ሲላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያመማት መስሎት ነበር። ሥራውን ስለተወ ተቀይማው ኖሯል። ከዚያ በኋላ እንደ ልብ አልተነጋገሩም።

ከወንበሩ ተነሳ። ሰዎቹ እግሩን ሊያፍታታ መስሏቸው መንገድ ለቀቁለት። ሸራው ጋ ሲደርስ አንሶላውን ሳበና ወለሉ ላይ ጣለው። አንዲት ሴት ትንፋሿን ሰበሰበች። ከጎን ካለው የቀለም ጠረጴዛ ላይ የደረቀ ቀለም የሚፍቅበትን ቢላዋ አነሳ።

«አንተ!» እህቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «ወንድሜ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«አውጡልኝ ስትዪ አልነበር? ተቆራርጦ ይወጣል።»

ሹፌሩ ከመቀመጫው ተነስቶ ሊይዘው አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። የሐዘንተኛን እጅ መያዝ ከበደው።

ለሳኙ ቢላዋውን በቀኝ በኩል አነጣጠረ። ራሷን የሳተችው ሴት ጋ። እዚያ ላይ እጁ ቀረ።

የሴትየዋ እጅጌ ከሌላው ሁሉ ይለያል። የእሱ ጨርቆች እንደ ልስን ደረቅ ናቸው፤ ይሄኛው ግን ከክንዷ ላይ እየፈሰሰ ይወርዳል። እሱ አልሠራውም። ትምህርት ቤት ከመውደቋ በፊት በነበረው እሑድ፣ እሱ ከዚያች እጅጌ ጋር ሲታገል ውሎ ሲበሳጭ፣ ጭራሮ ከሶፋው ተነሳች። ግድግዳውን ይዛ መጣች። «እስቲ ስጠኝ» ብላ ብሩሹን ከእጁ ወሰደች። መዳፍ የምታህለዋን ቦታ በነጭና በግራጫ ቀለም ሠራቻት። ስትጨርስ ግንባሯ በላብ ርሶ ነበር። «ይቺን እንዳትነካት። ገና እርጥብ ናት።»

«መቼ ነው የምትደርቀው?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ዘይት እንደ ሲሚንቶ አይቸኩልም» አለችው። «ቀስ ብሎ ነው።»

ለሳኙ ቢላዋውን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ዘርግቶ እጅጌዋን ነካት። ጣቱ ሰመጠ። ነጩ ቀለም ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የተቀባ ይመስላል። እሷ አፈር ገብታለች፤ ቀለሟ ገና አልደረቀም።

ጣቱን ነጭ ቀለም ይዞ ሲያነሳ እጥፋቱ ላይ አሻራው ጎድጉዶ ቀረ። ያ የሚፈስ ጨርቅ መሐሉ ላይ ተሰብሯል። በዚህ ሁሉ ሸራ ላይ የእሷ የሆነው ያ ብቻ ነበር፤ እሱንም አበላሸው። ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሹፌሩ ደርሶ ከብብቱ ሥር ያዘው፣ ወደ ወንበሩም መለሰው።

«አምጣ፣ እጅህን ልጥረግልህ» አለች እህቱ፣ ሻርፗን አውልቃ እያለቀሰች። እጁን ሸሸገባት።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ከጭራሮ ትምህርት ቤት ጥቁር የለበሱ አንድ ሽማግሌ መምህር ገቡ። ከበሩ ጀምረው በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት አንገታቸውን እየሰበሩ መጡና ለሳኙ ፊት ሲደርሱ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«እግዜር ያጽናዎ፣ ጌታዬ።»

ለሳኙ ከወንበሩ ከፍ አለና ግራ እጁን ሰጣቸው። መምህሩ ግራ ተጋብተው ያዙት። እሱ የእሷ ቀለም ያለበትን ቀኝ እጁን፣ ጣቶቹን ፈርከክ አድርጎ፣ ልብሱም ወንበሩም ሰውም እንዳይነካው ከሰውነቱ አርቆ ያዘ።